ለፈረንጅ ዝንብ ላባ ስለቅም

ከዛሬ ጀምሮ ስለ ወፍ፣ ስለ ላባ ወይም ስለ ዓሣ ሊያጫውተኝ የሚያስብ ሰው ቢኖር ከደጄ ባይደርስ ይሻለዋል። ስለ ዶሮም ቢሆን ተገነጣጥላ ድስት ካልገባች በቀር ወሬዋን አልሰማም። ምነው እንዲህ መረረህ የምትሉኝ እንደሆነ፣ ነገሩን የሰማ የጎንደር ሰው ሁሉ አዝኖልኛል። ውሸቴን ነው። የጎንደር ሰው ስቆብኛል፤ ለራሴ ያዘንሁት እኔው ብቻዬን ነኝ።

ጣሊያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አለፍ ቢለው ነው። እኔ ያን ጊዜ መንገድ ከሚያሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊም አስተርጓሚም ነበርሁ። አስተርጓሚ ስላችሁ እንግሊዝኛ አውቅ ነበር ማለቴ አይደለም። የገባኝን እተረጉማለሁ፣ ያልገባኝን "የስ" ብዬ አልፈዋለሁ። በዚህ ዓይነት ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያውቅብኝ ኖሬያለሁ። በሽታዬ ይህችው "የስ" ናት። በአማርኛም ብትመጡብኝ ያው ነኝ፤ "እሺ" ሳልል የሸኘሁት ሰው የለም።

አለቃዬ ሚስተር ቶም የሚባል መሐንዲስ ነበር። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደውን መንገድ ሊጠግን ነው የመጣው። ሳምንቱን ከገደል ገደል ሲንከራተት ይከርምና እሑድ ሲሆን ቀጭን ዘንግ ይዞ አንገረብ ወንዝ ይወርዳል፣ ዓሣ ሊያጠምድ። በትል አይደለም፣ በሥጋ አይደለም፣ በዝንብ ነው። ዝንቡንም ራሱ ነው የሚሠራው። ትንሽ መንጠቆ ወጥሮ ይይዝና ክር ይጠመጥምበታል፣ ጸጉር ያስርበታል፣ ላባ ያክልበታል። ዓሣው እውነተኛ ዝንብ ውሃ ላይ ያረፈ መስሎት ሊውጠው ሲመጣ ይያዛል። መጀመሪያ ይህን ሲነግረኝ በሳቅ ልሞት ነበር።

"ሚስተር ቶም፣ አገራችን ብዙ ነገር ጎድሏታል፣ ዝንብ ግን ጎድሏት አያውቅም። አንድ የማር ቅል ክፍት ትተው ቢተኙ ጠዋት ለአገርዎ ሁሉ የሚተርፍ ያገኛሉ" አልሁት። እሱ ግን አልሳቀም። በዝንቡ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ቀን ከአገሩ ይዞት የመጣው ላባ አለቀበት። ጠራኝና ሁለት ዓይነት ላባ እንደሚፈልግ ነገረኝ። አንደኛው የገብስማ አውራ ዶሮ የአንገት ላባ፣ ሁለተኛው የጉጉት ላባ። የጉጉት ላባ ልስላሴው ለብቻው ነው፣ ውሃ ሲነካው ነፍስ ያለው ይመስላል አለኝ። "ማግኘቱ ያስቸግር ይሆን?" ሲለኝ አፌ ከእኔ ቀድሞ "ኧረ ምን ችግር አለው!" ብሎ እርፍ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ያሉት አባቶች እኔን አስቀድመው አይተውኝ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ስለ ሚስቴ ስለ የሻረግ ካልነገርኋችሁ ነገሩ አይገባችሁም። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የቁስቋም ሰው ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሚካኤልን ጽዋ ጠጥተዋል። ሲሞቱ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ማኅበርተኛው መክሮ ቦታቸውን ለእኔ ለአማቹ ሰጠ። እኔ አገሬ ጭልጋ ነው፣ በጎንደር ዘመድ የለኝም። ብታመም የሚጠይቀኝ፣ ብሞት የሚሸከመኝ ያ ማኅበር ነው። የሻረግ ደግሞ ከአባቷ የቀራት እርሱ ብቻ ነው። "የአባቴን ቦታ አደራ" ብላ በአባቷ ተዝካር ዕለት አስምላኛለች። እንግዲህ የታኅሣሥ ሚካኤል የእኔ ተራ ነበር፤ ማኅበሩን ስደግስ የመጀመሪያዬ ነው። የሻረግ ጌሾ መውቀጥ ከጀመረች ሰንብታለች። እኔ በዚህ መሀል ነው ላባ ልለቅም የተነሣሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏችኋል ይሄ ነው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ዶሮ ሻጭ ፊት ቆምሁና "ገብስማ አውራ ዶሮ አለሽ?" አልኋት።

"አለ እንጂ፣ ጌታዬ! ይሄው፣ ሸጋ ነው። ሥጋው ብቻ—"

"ሥጋውን ተይው። አንገቱን አሳዪኝ።"

ላባውን በጣቴ እየገለጥሁ፣ ወደ ፀሐይ እያዞርሁ መረመርሁት። ይሄ አጭር ነው፣ ሌላ አምጪ አልሁ። ያኛው ነጩ በዛ፣ ሌላ አምጪ አልሁ። ሴትየዋ ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና "ማን አዘዘልዎ?" አለችኝ።

በአገራችን ዶሮ በመልኩ የሚመርጥ ሰው ወይ ዛር ሰፍሮበታል ወይ ከጠንቋይ ቤት መጥቷል። ይህን ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ጭልጋ ተወልጄ፣ ዳዊት ደግሜ፣ ለምን በዚያች ሰዓት እንደጠፋኝ እግዚአብሔር ይወቀው። "አንድ ፈረንጅ ነው ያዘዘልኝ" አልኋት በኩራት።

"እግዚኦ!" ብላ አማተበች። "ያገሩ ዛር ሳያንስ የፈረንጅ ዛር መጣብን!"

ከኋላዬ ሰው ሲያስል ሰማሁ። ዘወር ስል አያ መኮንን ናቸው። አያ መኮንን የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት አለቃው ናቸው። የማይጮኹ፣ የማይቆጡ፣ ዓይተው ብቻ የሚያስጨንቁ ሽማግሌ። ዶሮውን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"በጾም ዶሮ?" አሉኝና ሄዱ።

እውነታቸውን ነው፣ የነቢያት ጾም ነበር። ዶሮውን ማረድ አይቻልም። ታዲያ ላባው በምን ይወጣል? ዶሮውን ገዝቼ ቤት ስገባ የሻረግ ወፍጮ ቤት ሄዳ ነበርና በጉልበቶቼ መሀል ይዤ ከነሕይወቱ የአንገቱን ላባ እነጭ ጀመር። ዶሮ ሲናደድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። እጄን አደማው፣ ዓይኔን ሊያወጣው ሲል ለጥቂት ተረፍሁ፣ ግማሹን እንደ ነጨሁት አምልጦ ከአጥሩ ካብ ላይ ወጣ። አንገቱ ራቁቱን ነው። እዚያው ሆኖ ሰፈሩ እስኪሰበሰብ ድረስ ጮኸ። እኔም ከሥሩ፣ እጄ ደም በደም ሆኖ፣ ላባ በጨርቅ ቋጥሬ ቆሜያለሁ። የሻረግ ዱቄቷን ተሸክማ የደረሰችው በዚህ ጊዜ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ለዝንብ ነው" አልኋት።

"ለዝንብ?"

"ለሚስተር ቶም ዝንብ።"

ዱቄቷን አወረደችና የደማውን እጄን አየችው። "ታኅሣሥ ሚካኤል ዐሥር ቀን ነው የቀረው። ልብ አድርግ" ብቻ አለች።

ልብ የሚያደርግ ሰው እዚህ ላይ ያቆም ነበር። እኔ ግን "ምን ችግር አለው" ብያለሁ። ጉጉት ደግሞ እንደ ዶሮ ገበያ አትወጣም። ጣሪያ ላይ ከጮኸች ከዚያ ቤት ሬሳ ይወጣል ብለን የምንፈራት ፍጥረት ናት። እርስዋም መጠላቷን ስለምታውቅ ነው መሰለኝ ከሰው ርቃ ፍርስራሽ ውስጥ ትኖራለች። በፍርስራሽ በኩል ጎንደር አትታማም። የቁስቋም ቤተ መንግሥት ከፈረሰ ወዲህ ነዋሪው ጉጉት ነው፤ ላባዋም ከግንቡ ሥር ወድቆ ይገኛል።

እሑድ ማለዳ፣ ሰው ቅዳሴ ላይ ሳለ ለቅሜ እመለሳለሁ ብዬ ሄድሁ። ጋቢዬን ታጥቄ፣ በአራት እግሬ ሆኜ፣ ሣሩን እየዳበስሁ ግንቡን ስዞር ለካ ቅዳሴው አልቋል።

"ምነው ልጄ፣ ምን ጠፋህ?" የሚል ድምፅ ከበላዬ መጣ። ቀና ስል አንዲት ባልቴት ናቸው።

እውነቱን ብናገር ምን ነበረበት? "ቁልፍ" አልሁ። "የመሥሪያ ቤት ቁልፍ ጠፍቶኝ ነው፣ እናቴ።"

"ወይኔ ልጄን! የመንግሥት ቁልፍ!" ብለው እሪ አሉ።

የመንግሥት ሲባል ማን ዝም ይላል? ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰው ሁሉ ነጠላውን እያደገደገ ተንበረከከ። ዲያቆናቱ ድንጋይ ያገላብጣሉ። ጎንበስ ማለት ያቃታቸው ሽማግሌዎች በመቋሚያ ሣር ይገልጣሉ። ስለት ተሳል የሚለኝ አለ፣ ስንት ጥርስ አለው ብሎ የቁልፉን መልክ የሚጠይቀኝ አለ፤ ለእርሱም ሦስት ጥርስ ነው ብዬ መለስሁለት። ኧረ ይበቃል፣ ተዉት ብል፣ "ዝም በል፣ አይዞህ፣ ሳናገኝማ አንሄድም" ይሉኛል። ደግነት እንዲህ አስጨንቆኝ አያውቅም። የሌለ ቁልፍ ደግሞ ቶሎ አይገኝም።

በመጨረሻ አንድ ጎልማሳ ብድግ አለና "በስመ ሥላሴ! የጉጉት ላባ!" ብሎ እባብ እንደ ነካ ወረወረው። ላባው በአየር ላይ ዞር ዞር አለና ከእግሬ ሥር ዐረፈ። ረዥም፣ ለስላሳ፣ አንድም ያልተሰበረ። እጄም እንደ አፌ ናት፣ ሳላዛት ትሄዳለች። አነሣሁና ኪሴ ከተትሁት።

የተንበረከከው ሕዝብ ሁሉ ያየኛል።

"ቁልፍህ ይሄ ነው?" አሉኝ ባልቴቷ።

ከሰዎቹ መሀል አባ ገብረ ሥላሴ ብድግ አሉ። የነፍስ አባታችን ናቸው፤ የማኅበራችንም ቄስ። ጉልበታቸው ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እያራገፉ ሄዱ። እኔን ሊረዱ ብለው ነበር የተንበረከኩት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ሳምንት ምን ብዬ ልንገራችሁ? ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። ጸሐፊው የገብስማ ደም ይጠጣል፣ ጸሐፊው ጉጉት ያረባል ተባለ። ውሃ ልትቀዳ የወረደችው የሻረግ ባዶ እንስራ ይዛ ተመለሰች፤ ሴቶቹ አጠገቧ አንቆምም ብለዋታል። ማኅበርተኛውም ከዚያ ቤት ጽዋ አንጠጣም እያለ ነው። የሻረግ ሦስት ጋን ጠላዋን ተደግፋ አለቀሰች።

"አባቴ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ የጠጡት ጽዋ ነው። በአንተ ሊቋረጥ?" አለችኝ። "ጠላዬ ሳይቀመስ የተደፋ እንደሆነ እኔ እናቴ ዘንድ ነኝ፤ እወቀው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ጊዜ አፈርሁ። ላባውን ለሚስተር ቶም ሰጥቼ ተገላገልሁ ስል፣ እሱ ደስ ብሎት "ቤትህ ድግስ አለ ሲሉ ሰማሁ፣ ብመጣ ቅር ይልሃል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው በከፊል ነው የገባኝ። "የስ" አልሁት። ና ማለት ይሁን፣ ቅር ይለኛል ማለት ይሁን፣ እኔም አላወቅሁም፣ እሱም አልገባውም፤ ብቻ መጣ።

የታኅሣሥ ሚካኤል ዕለት ቀትር ላይ ማኅበርተኛው መጣ፣ ግን ከደጅ ቆመ። ዳቦው ተጋግሮ፣ ጽዋው ተሸፍኖ ቀርቧል። የሻረግ በነጭ ቀሚሷ በሩ ላይ ቆማ "ግቡ እንጂ" ትላለች፤ የሚገባ የለም።

"ልጄ፣" አሉኝ አያ መኮንን፣ "ስለ ሚካኤል ብለህ እውነቱን ንገረን። ላባው ለምንድን ነው?"

ተናገርሁ። ፈረንጁ ከላባ ዝንብ እንደሚሠራ፣ ዝንቡን ዓሣ እንደሚውጠው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርሁ። እንደ እኔ እውነት የተናገረ፣ እንደ እኔም ውሸታም የመሰለ ሰው በዚያ ሰፈር ታይቶ አይታወቅም። "ሲዋሽስ ምናለ ደህና አድርጎ ቢዋሽ" ሲል አንዱ ሰማሁት።

በዚህ መሀል ማኪና ቆመና ሚስተር ቶም ወረደ። ባርኔጣው ዙሪያውን መንጠቆ ተሰክቶበታል። በየመንጠቆው ላይ ላባ፣ ጸጉርና ቀይ ክር ተጠምጥሟል። መተት ምን እንደሚመስል ሳያይ የኖረ ሰው ቢኖር ዕውቀቱን ከዚያ ባርኔጣ ላይ ይሞላል። ሚስተር ቶም እጅ ነሣ፣ ከባርኔጣው አንዱን ነቀለና በመዳፉ አድርጎ ለአባ ገብረ ሥላሴ ዘረጋላቸው። ስጦታ መሆኑ ነው።

አባ መስቀላቸውን ከፊታቸው አድርገው ወደኋላ ዘለሉ። ሴቶቹ እልል ይሁን እሪ ያልለየ ድምፅ አሰሙ። የሻረግ መቃኑን ይዛ ቁጭ አለች።

"ቆይ!" አሉ አያ መኮንን። "ዓሣ ይይዝበታል ካለን፣ ይያዝበትና እንየው። ከያዘ ጽዋውን እንጠጣለን። ካልያዘ ቦታውን እንነሳዋለን።"

ወደ አንገረብ ጉዞ ሆነ። ሚስተር ቶም ፊት፣ እኔ ቀጥዬ፣ አባ ጥላቸውን ዘርግተው፣ ማኅበርተኛው ከኋላ። ዘጠኝ ሰዓት አልደረሰም፤ ሁሉም ጾመኛ፣ ሁሉም ቁጡ ነው። ከተማውን ስናቋርጥ ቀብር የመሰላቸው ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉን። "ማን ሞተ?" ሲሉ "ገና ነው" ይባላሉ።

ወንዙ ዳር ሚስተር ቶም ዘንጉን ወደ ኋላ ወዝወዝ፣ ወደ ፊት ወርወር ማድረግ ጀመረ። መጀመሪያ የያዘው ግራር ነው። ሁለተኛ የያዘው የአያ መኮንን ጋቢ። ሦስተኛውን ወደ ኋላ ሲወዘውዝ መንጠቆው የአባ ገብረ ሥላሴን ጥምጥም ያዘ፤ ወደ ፊት ሲወረውር ጥምጥሙ በአየር ላይ እየተፈታ ሄዶ አንገረብ ገባ። አባ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀሩ። እኔ መሬት ተከፍታ እንድትውጠኝ ጸለይሁ። መሬትም እንደ ዓሣው እንቢ አለች።

ፀሐይ አዘቀዘቀች። ዓሣ የለም። ሽማግሌዎቹ ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚል ክርክር ገጥመው ለሁለት ተከፍለዋል፤ ያልተያዘ ዓሣ ሊያጣላቸው ነው። የሻረግ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ውሃውን ብቻ ታያለች። "የቁስቋሟ እመቤት፣ አንድ ዓሣ" እል ነበር በሆዴ። ድንገት ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ፣ ውሃው ተናጠ። ሚስተር ቶም እየሳበ፣ እየለቀቀ፣ እየሳበ አንድ የሚያብረቀርቅ ዓሣ አወጣ። በአፉ ጥግ የጉጉቷ ላባ ተሰክቷል። ሁሉም አየ!

"ይኸው!" ብዬ ዘለልሁ። "ይኸው! አያ መኮንን፣ ያዩታል? ይኸው!"

ሚስተር ቶም ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ አየው፣ ፈገግ አለለት፣ መንጠቆውን ከአፉ ቀስ አድርጎ አወጣ፣ ጎንበስ አለና ውሃው ውስጥ መልሶ ለቀቀው።

"ምስክሬን!" ብዬ ጮኽሁ። "ሚስተር ቶም፣ ምን አደረጉ? ምስክሬን!"

አያ መኮንን እጃቸውን አነሡ። "ጠይቅልን። ለምን ለቀቀው?"

ጠየቅሁ። "ገና ትንሽ ነው፣ ይደግ ብሎ ነው" አልሁ።

"ካደገ በኋላ ይበላዋል?"

ያን ጊዜ አንዲት "የስ" ብጨምር ይበቃኝ ነበር። ግን ደከመኝ፤ የተባልሁትን እንዳለ ተረጎምሁ። "የለም፤ ዓሣ ሲበላ ሆዱን ያመዋል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ጾሙንና ክርክሩን ረሱት።

"ስሙ፣" አሉ አያ መኮንን፣ "መተተኛ ክፉ ነው። ነገር ግን የሚሻውን ያውቃል፤ ወይ ሀብት ይሻል፣ ወይ ሴት፣ ወይ የጠላቱን ሞት። ይህ ሰው የማይበላውን ዓሣ ይይዛል፣ የያዘውንም ይለቃል። ይሄ መተት አይደለም። ሥራ መፍታት ነው።"

"የእኛስ ጸሐፊ?" አሉ አባ፣ ራቁቱን የቀረ ራሳቸውን በጋቢ እየሸፈኑ።

"እርሱማ ለሥራ ፈት የሚላላክ ነው። ነፍሱ ንጹሕ ናት፤ አእምሮው እንደሆነ የእኛ ጉዳይ አይደለም።" ከዚያ ወደ የሻረግ ዞሩ። "ልጄ፣ የአባትሽ ቦታ አይነካም። ግን ለጠየቀው ሁሉ እሺ የሚል ሰው አደራ አይጠብቅም። ከዛሬ ጀምሮ ማኅበርተኛዋ አንቺ ነሽ።"

ቤት ስንደርስ ጽዋውን ከአባ እጅ የተቀበለችው የሻረግ ናት። በአባቷ ቦታ ተቀመጠች። ከማልቀስ ብዛት ዓይኗ አብጧል፣ ግን ቀና ብላ ነው የተቀመጠችው። ያን የመሰለ ፊት ከሠርጋችን ወዲህ አላየሁባትም። እኔ ማሰሮ ይዤ ለማኅበርተኛው ጠላ እቀዳለሁ። እርስዋ ዘንድ ስደርስ ጎንበስ ብዬ "ተቀይመሽኛል?" አልኋት።

"መተተኛ ሆነህ ቢሆን እፈታህ ነበር፣ ቄሱም ሽማግሌውም ይፈርዱልኝ ነበር" አለችኝ፣ ዋንጫዋን እያቀረበች። "ሞኝን ግን በምን ሕግ ይፈቱታል? ቅዳ።"

ቀዳሁላት።